38 ቴራባይት በአንድ ሊንክ፦ ቆጠራው ያላየው ቁልፍ

ጁን 22 ቀን 2023 ዊዝ የተባለው የክላውድ ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች ለማይክሮሶፍት የደኅንነት ምላሽ ማዕከል አንድ ሪፖርት አቀረቡ። ጉዳዩ ስለ አንድ ሊንክ ነበር። ሊንኩ የተገኘው በጊትሃብ ላይ ማንም ሊያየው በሚችል፣ የማይክሮሶፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ክፍል በሚያስተዳድረውና «ሮበስት ሞዴልስ ትራንስፈር» በሚባል የኮድ ማከማቻ ውስጥ ነው። የተቀመጠውም ለበጎ ሥራ ነበር፤ ምስል የሚለዩ ሞዴሎችን ማውረድ የሚፈልግ ተመራማሪ ሁሉ ሊንኩን ተከትሎ የኩባንያው ክላውድ ወደሆነው አዙር ገብቶ እንዲወስድ የታሰበ ነው። የዊዝ ተመራማሪዎች ግን ሊንኩን ተከትለው ሲገቡ ከሞዴሎቹ ሌላ 38 ቴራባይት የሚሆን፣ ለሕዝብ ይወጣል ተብሎ ያልታሰበ መረጃ ተከፍቶ አገኙ። ሊንኩ የከፈተው አንድ ፎልደር ሳይሆን የማከማቻ አካውንቱን በሙሉ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የጉዳዩ ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 በሁለቱም ኩባንያዎች መግለጫ ይፋ ሲወጣ በብዙዎች ዘንድ የተወራው የመረጃው ብዛት ነበር። እኔ ጉዳዩን የመረጥኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። በክላውድ ላይ ያሉ የፋይል ማከማቻዎችን በአውቶማቲክ አፈላልጎ መመዝገብ ዛሬ ከሞላ ጎደል የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ መሣሪያውም ሞልቷል። ይህ ጉዳይ እንዲህ ያለው ቆጠራ በትክክል እየሠራ፣ የሚቆጥረውን ሁሉ ቆጥሮ፣ ዋናውን ነገር ሳያይ ሊያልፍ የሚችልበትን መንገድ ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ አጥርቶ ያሳያል።

በአካውንቱ ውስጥ የነበረው

ዊዝ እንደገለጸው ከተጋለጠው መረጃ መካከል የሁለት ሠራተኞች የሥራ ኮምፒውተር ባክአፕ ይገኝበታል። በባክአፑ ውስጥ የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች ፓስወርዶች፣ ሚስጥራዊ ቁልፎች፣ እንዲሁም 359 የኩባንያው ሠራተኞች በቲምስ የተለዋወጧቸው ከ30 ሺህ በላይ የውስጥ መልእክቶች ነበሩ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ባወጣው መግለጫ ባክአፖቹ የሁለት የቀድሞ ሠራተኞች መሆናቸውን፣ የደንበኛ መረጃ አለመጋለጡንና በዚህ ምክንያት አደጋ ላይ የወደቀ ሌላ የውስጥ አገልግሎት አለመኖሩን አስታውቋል።

«የቀድሞ» የምትለዋ ቃል በቀላሉ የምትታለፍ ናት፤ ለቆጠራ ባለሙያ ግን ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የምትገባ እሷ ናት። ሰዎቹ ሥራ ለቅቀዋል፣ የኮምፒውተራቸው ግልባጭ ግን ለሕዝብ የሚወጡ ሞዴሎች በተቀመጡበት አካውንት ውስጥ ቀርቷል። ለሕዝብ የሚሰጥና ከሰው ዓይን መጠበቅ ያለበት ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ጣሪያውን የሚከፍት ቁልፍ ሁለቱንም ይከፍታል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

ከማየት የሚብስም ነበር። በሊንኩ ላይ የተያያዘው ፈቃድ ማንበብን ብቻ የሚፈቅድ ሳይሆን ሙሉ ቁጥጥር የሚሰጥ ስለነበር፣ ሊንኩን የያዘ ሰው ፋይል መሰረዝም ሆነ በሌላ ፋይል መተካት ይችል ነበር። ሞዴሎቹ የተቀመጡበት የፋይል ዓይነት ደግሞ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ «ፒክል» በሚባለው መንገድ የታሸገ ነው። ፒክል ሲከፈት በውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም የሚችል አሠራር ስለሆነ፣ ክፉ ያሰበ ሰው የሞዴሉን ፋይል ለውጦ ቢያስቀምጥ፣ የማይክሮሶፍትን ስም አምኖ ያወረደ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ የባዕድ ኮድ ያስነሳ ነበር። ይህ መደረጉን የሚያሳይ ነገር ይፋ አልተደረገም፤ መንገዱ ግን ክፍት ነበር።

ቆጠራው ምን ያያል

አሁን ራሳችንን የዚያ ድርጅት የክላውድ ንብረት ቆጣሪ አድርገን እናስብ። በአዙር ላይ ሥራው የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ «ሪሶርስ ግራፍ» በሚባለው የመጠይቅ አገልግሎት ነው። ዓይነታቸው የማከማቻ አካውንት የሆኑ ንብረቶችን ሁሉ ዘርዝርልኝ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በድርጅቱ ሰብስክሪፕሽኖች (ንብረቶቹና ክፍያቸው በተመደቡባቸው የአዙር ክፍሎች) ውስጥ ያሉትን አካውንቶች ስማቸውን፣ የሚገኙበትን ሪጅን፣ የተለጠፈባቸውን ታግ፣ የኔትወርክ ገደባቸውንና ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆናቸውን የሚገልጸውን ቅንብር ይዞ ይመለሳል። ቀጥሎ የቆጠራው ስክሪፕት አካውንቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ በየአካውንቱ ያሉትን የብሎብ ኮንቴይነሮችና የፋይል ሼሮች ይዘረዝራል። ብሎብ ማለት ፋይሎች በኤችቲቲፒ የሚደረስባቸው ልቅ ማከማቻ ሲሆን፣ ፋይል ሼር ደግሞ የቢሮ ኮምፒውተሮች እንደ አንድ ድራይቭ የሚያገናኙት ነው። የእያንዳንዱን ፋይል ዝርዝር የሚፈልግ «ብሎብ ኢንቬንተሪ» የሚባለውን አገልግሎት በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ሪፖርት እንዲያወጣ ማዘዝ ይችላል፤ ይህ አገልግሎት ግን እንደ ስሙ የብሎብ እንጂ የፋይል ሼር አይደለም፣ ለፋይል ሼሮች የራሱን ስክሪፕት መጻፍ ይኖርበታል።

በዚህ ደረጃ የሚሠሩ ስሕተቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ። የመጀመሪያው፣ ሪሶርስ ግራፍ ጠያቂው የማየት ፈቃድ ያለውን ብቻ ይመልሳል። ፈቃድ የሌለበት ሰብስክሪፕሽን ሲያጋጥመው «ይህን ማየት አልቻልኩም» ብሎ አያሳውቅም፤ ዝም ብሎ ከዝርዝሩ ይጎድላል። ስለዚህ ቆጠራው የሚሠራበት መለያ ለሁሉም ሰብስክሪፕሽኖች የበላይ በሆነው እርከን ላይ የማንበብ ፈቃድ ካልተሰጠው፣ ያመጣው ዝርዝር ሙሉ ይመስላል እንጂ ሙሉ አይደለም። ሁለተኛው፣ መልሱ የሚመጣው በገጽ በገጽ ነው፤ በአንድ ገጽ ቢበዛ 1000 መዝገብ ይመለሳል፣ በትእዛዝ መስመር ሲጠየቅ ደግሞ ካልተነገረው በቀር የሚያመጣው 100 ብቻ ነው። ቀጣዩን ገጽ መጠየቅ የረሳ ስክሪፕት ክብ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። በአንድ ትልቅ ድርጅት ቆጠራ መጨረሻ ላይ ልክ 1000 የሚል ቁጥር ሲያዩ መጠርጠር ደግ ነው።

የአሁኑ ጉዳይ ግን ከእነዚህ ስሕተቶች አንዱም አይደለም። አካውንቱ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር እንበል፤ ገጹም ተቆጥሯል፣ ፈቃዱም ሙሉ ነው። ቆጣሪው ምን ይጽፍለታል? «ለሕዝብ ዝግ» ነው የሚጽፍለት። ዊዝ በሪፖርቱ በግልጽ እንዳስቀመጠው ይህ የማከማቻ አካውንት በቀጥታ ለሕዝብ የተከፈተ አልነበረም፤ የግል አካውንት ነበር። በየትኛውም የተለመደ የቆጠራ ሪፖርት ላይ በአረንጓዴ ቀለም ከሚቀመጡት መካከል ነው የሚገኘው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሰኔ 30ን ቆጠራ ያስታውሳል። ሞዴል 19 ተቆርጦለት የገባው ዕቃ በሞዴል 22 ከወጣው ጋር ይመሳከራል፣ ወንበሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይነበባል፣ የመጋዘኑ በር መቆለፉም ይረጋገጣል። ኮሚቴው የማይጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚህ በር ቁልፍ ስንት ጊዜ ተቀርጿል፣ ግልባጩስ በማን ኪስ ነው? በአዙር ላይ የሆነው ነገር ከዚህ የሚለየው፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ቀራጭ ቢያንስ አንድ ቦታ ሱቅ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ያልተመዘገበው ፊርማ

ሊንኩ ላይ የነበረው ፈቃድ በአዙር ቋንቋ «ሼርድ አክሰስ ሲግኔቸር» ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ሳስ ቶክን ይሉታል። አሠራሩን መረዳት የጉዳዩ ግማሽ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እያንዳንዱ የማከማቻ አካውንት ሁለት ዋና ቁልፎች አሉት፤ ሁለቱም እኩል ሥልጣን አላቸው። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አንዱ ሲቀየር ሥራ በሌላው እንዲቀጥል ነው። ሳስ ቶክን ማለት ታዲያ ከእነዚህ ቁልፎች በአንዱ የተፈረመ አጭር ጽሑፍ ነው፤ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደተፈቀዱ፣ ማንበብ ይሁን መጻፍ ይሁን መሰረዝ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ይዘረዝርና በመጨረሻው ላይ ፊርማው ይቀመጣል። ጥያቄው ወደ አዙር ሲደርስ አዙር የሚያደርገው ፊርማውን በዋናው ቁልፍ ማመሳከር ነው፤ ከገጠመ ያስገባል። ማን እንደፈረመው አይጠይቅም፣ ከመዝገብም አያገናኝም፣ የሚያገናኝበት መዝገብም የለም።

ቶክኑ የሚፈጠረው በሚያዘጋጀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። በአዙር ድረ ገጽ በኩል ሲዘጋጅ እንኳ የሚሆነው፣ ብራውዘሩ ዋናውን ቁልፍ ከአዙር ያወርድና ፊርማውን እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ያወጣል። ቶክን ተፈጠረ የሚል ክስተት በአዙር ላይ አይመዘገብም፤ የተፈጠረው ቶክንም በአዙር ውስጥ የሚኖር ንብረት አይደለም። የቆጠራ መሣሪያ በንብረት ስም ጠይቆ ሊያገኘው የሚችለው በንብረትነት የተመዘገበውን ብቻ እንደሆነ ካስታወስን፣ በዓለም ላይ ምርጥ የተባለው መሣሪያ ቢሰማራም ይህን ቶክን ዘርዝሮ ማምጣት አይችልም ነበር። የአካውንቱ አስተዳዳሪ ራሱ በቁልፉ የተፈረሙ ቶክኖች 1 ይሁኑ 1000 የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ሳስ ቶክን ሦስት ዓይነት ነው። ከላይ የገለጽኩትና በዚህ ጉዳይ የተገኘው «አካውንት ሳስ» የሚባለው ሲሆን፣ ከአካውንቱ አገልግሎቶች ብዙውን ባንድ ጊዜ መክፈት ይችላል፤ አዘጋጁ ከፈቀደ ብሎብንም ፋይል ሼርንም ወረፋንም ሠንጠረዥንም በአንዲት ሊንክ ይከፍታል። «ሰርቪስ ሳስ» በአንድ አገልግሎት ይወሰናል፤ በአካውንቱ ላይ ከተቀመጠ ፖሊሲ ጋር ከተያያዘ ፖሊሲውን በመለወጥ ብቻ መሻር ይቻላል። ሦስተኛው «ዩዘር ዴሌጌሽን ሳስ» የሚፈረመው በዋናው ቁልፍ ሳይሆን ግለሰቡ በገባበት መለያ በኩል በሚሰጥ ቁልፍ ነው፤ ከ7 ቀን በላይም አይጸናም። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የተሻለ እንደነበር አያከራክርም፤ ሆኖም በ2023 ለብሎብና ለዳታ ሌክ ማከማቻ እንጂ ለፋይል ሼር አልነበረም።

አካውንት ሳስን ነጥሎ መሻር አይቻልም። መሻር የሚቻለው የተፈረመበትን ዋና ቁልፍ በመለወጥ ነው፤ ቁልፉ ሲለወጥ ደግሞ በእሱ የተፈረሙ ቶክኖች ሁሉ፣ ተገቢውም ያልተገባውም፣ በአንድ ጊዜ ይሞታሉ።

ኦክቶበር 5 እና ኦክቶበር 6

ዊዝ ካወጣው የጊዜ ቅደም ተከተል ውስጥ ሁለት ተከታታይ ቀናት አሉ፤ ጉዳዩን ባነበብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደ እነሱ ነው። ቶክኑ መጀመሪያ ወደ ጊትሃብ የገባው ጁላይ 20 ቀን 2020 ሲሆን የሚያበቃበት ቀን ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ተብሎ ተወስኖለት ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ረጅም ቢሆንም ቢያንስ ማብቂያ ነበረው። ኦክቶበር 6 ቀን 2021፣ ማለትም ባበቃ ማግስት፣ ቶክኑ ታደሰ። አዲሱ ማብቂያ ቀን ኦክቶበር 6 ቀን 2051 ሆነ።

ይህን ያደረገው ሰው ምን እንዳሰበ ይፋ የተደረገ ነገር የለም፤ ነገር ግን ቀኖቹ ራሳቸው የሚሉት አለ። ማብቂያው ሲደርስ ሊንኩ መሥራት አቆመ፣ መሥራት ማቆሙም በአንድ ቀን ውስጥ ታወቀ፣ መፍትሔ ሆኖ የተወሰደውም ችግሩ 30 ዓመት ሙሉ እንዳይደገም ማድረግ ነበር። ሥራ የበዛበትን ሰው ለሚያውቅ ይህ ውሳኔ አያስገርምም። አንድ መሠረታዊ ነገር ግን ያሳያል፤ ማብቂያ ቀን የቆጠራን ቦታ ለጊዜው ተክቶ ሠርቶ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 2021 በሦስት ዓመት ገደማው ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ከዚህ ቶክን ጋር ፊት ለፊት የተገናኘባት ብቸኛ የታወቀች ቀን ናት፤ ይህ ቶክን ምን ምን ይከፍታል፣ ንባብ ብቻ ቢሆንስ፣ ሞዴሎቹ ብቻቸውን በሌላ አካውንት ቢቀመጡስ የሚል ጥያቄ ሊነሣ የሚችለውም ያን ቀን ነበር። ጥያቄውን ሊያስነሣ የሚችል የቆጠራ መዝገብ ስላልነበረ ግን በሰውየው ፊት የነበረው «ሊንኩ አልሠራም» የሚል ቅሬታ ብቻ ይመስለኛል።

ያገኘው መሣሪያ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከተራ የመዘንጋት ታሪክነት ያልፋል። ማይክሮሶፍት በራሱና ከእሱ ጋር በተያያዙ ድርጅቶች ሥር ያሉትን ክፍት የኮድ ማከማቻዎች ሁሉ፣ የቀድሞ ታሪካቸውን ጭምር፣ ለሚስጥራዊ ቁልፎች የሚፈትሽ አውቶማቲክ ሥርዓት ነበረው። ኩባንያው በመግለጫው እንዳመነው ይህ ሥርዓት ያንኑ ሊንክ አግኝቶት ነበር። ግኝቱ ግን የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ተብሎ በስሕተት ተመዝግቦ አለፈ። የዚህ መነሻ ችግር መስተካከሉንም ኩባንያው አስታውቋል።

ስለዚህ «አልተፈለገም» ማለት አይቻልም፤ «አልተገኘም» ማለትም አይቻልም። ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ተፈርዶለት ተለቀቀ። እኔ የምገምተው፣ ግምት መሆኑን ሳልሸሽግ፣ ፍርዱ ለምን እንዲያ ሊወድቅ እንደሚችል ነው። ማከማቻው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሊንኩ ሰዎች እንዲያወርዱበት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ማብራሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሊንኩን ከአካባቢው ጋር ብቻ አይቶ ለሚፈርድ፣ ይህ የታሰበ ማጋራት እንጂ ያመለጠ ሚስጥር አይመስልም። ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ከሊንኩ ማዶ ማየት ያስፈልጋል፤ የሚከፍተው አካውንት የትኛው ነው፣ በውስጡስ ምን አለ?

ሁለቱ ዕውቀቶች በሁለት መዝገብ ውስጥ ነው የሚኖሩት። የኮድ ፍተሻው ሊንኩን ያውቃል፣ የሚከፍተውን አያውቅም። የማከማቻ ቆጠራው አካውንቱንና በውስጡ ያለውን ያውቃል፣ ሊንኩን አያውቅም። በሳስ ሊንክ መጀመሪያ ላይ የአካውንቱ ስም ፊት ለፊት ተጽፎ ስለሚገኝ ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነው፤ የአዙር አካውንት ስም ከ3 እስከ 24 የሚደርሱ ትንንሽ የላቲን ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሆኖ በመላው አዙር ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን ይዞ በቆጠራው ሠንጠረዥ ውስጥ መፈለግ ብቻ በቂ ነው። በአንድ መስመር መጠይቅ የሚሠራ ነገር ነው። ሆኖም ብዙ ቦታ አይሠራም፤ የኮድ ፍተሻው የአንድ ክፍል፣ የክላውድ ቆጠራው የሌላ ክፍል ሥራ ስለሆነ።

ዊዝን ለዚህ ያበቃው ታዲያ ምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ በዚያ ጊዜ ይሠሩ የነበሩት፣ በስሕተት የተቀናበሩ ማከማቻዎችን በኢንተርኔት ላይ በአውቶማቲክ የማሰስ ሥራ ነበር። ከውጭ ለሚያስስ ሰው የኮድና የማከማቻ ልዩነት የለም፤ የድርጅቱን መዋቅርም አያውቅም፤ ሊንክ አገኘ፣ ተከተለ፣ ምን እንደሚከፍት አየ። ከውስጥ ሆኖ በሁለት መዝገብ ለተከፈለው ሰው ያልታየው ለእሱ በአንድ እርምጃ ታየው።

ከጁን 24 በኋላ

ሪፖርቱ በቀረበ በሁለተኛው ቀን፣ ጁን 24 ቀን 2023፣ ማይክሮሶፍት ቶክኑን ሻረው፤ ወደ አካውንቱ የሚደረገውን የውጭ መግቢያም ዘጋ። ጁላይ 7 በጊትሃብ ላይ ያለው ሊንክ በሌላ ተተካ። ኦገስት 16 ኩባንያው ሊደርስ ይችል የነበረውን ጉዳት የመረመረበትን የውስጥ ምርመራ አጠናቀቀ። ኩባንያው በዚህ መነሻነት፣ በጊትሃብ ላይ ክፍት ኮድ ውስጥ የወጡ ሚስጥሮችን የሚከታተለው አገልግሎት ማብቂያ ቀናቸው የተጋነነ ወይም ሥልጣናቸው የሰፋ ሳስ ቶክኖችንም እንዲያካትት መደረጉን ገልጿል።

በሌላ ድርጅት ውስጥ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ከጉዳዩ የሚወሰደው፣ ቶክኑን ራሱን መቁጠር ካልተቻለ በዙሪያው የሚቆጠረው ብዙ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ፣ አካውንቱ በዋና ቁልፍ መግባትን ይፈቅዳል ወይስ ከልክሏል የሚለው ቅንብር በሪሶርስ ግራፍ የሚታይ ነው። ቅንብሩ ከተከለከለ አካውንት ሳስም ሰርቪስ ሳስም ሥራ ያቆማሉ፤ በመለያ የሚፈረመው ግን ይቀጥላል። ስለዚህ በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ «ለሕዝብ ክፍት ነው?» ከሚለው ዓምድ ጎን «በቁልፍ ይከፈታል?» የሚል ዓምድ መኖር አለበት፤ በእኔ አመለካከት ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። በተግባር ግን ቅንብሩን ሁሉም ቦታ መዝጋት አይቻልም። ፋይል ሼር በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ እንደ ድራይቭ ሲገናኝ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው በዚያው ዋና ቁልፍ ስለሆነ፣ በመለያ የሚገናኝበት አሠራር ቀድሞ ካልተዘረጋ ቅንብሩ በተዘጋ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ ፎልደር አይከፈትም። ፋይል ሼር ያለባቸው አካውንቶች በዝርዝሩ ላይ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አዙር የየአካውንቱን የጥያቄ ብዛት በመግቢያ ዓይነት ለይቶ ለ93 ቀን ያህል ያቆያል። በዚህ ልኬት ላይ በሳስ የገባ ጥያቄ ካለ ቁጥሩ ይታያል። የትኛው ቶክን እንደሆነ አይናገርም፤ ነገር ግን ማንም ሳስ አዘጋጅቻለሁ ባላለበት አካውንት ላይ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይዟል ማለት ነው። ዝርዝሩን የፈለገ የአካውንቱን የመግቢያ ሎግ (ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚጻፍበትን መዝገብ) ማብራት አለበት፤ ይህ በየአካውንቱ የሚበራ፣ ተጨማሪ ክፍያም ያለው ነው። ሎጉም ቢሆን የሚያሳየው በሥራ ላይ የዋለውን ቶክን ብቻ ነው፤ ተፈርሞ በኢሜይል ሳጥን ውስጥ የተኛውን አያሳይም።

ሌላው የባለቤት ስም ነው፤ እዚህ ላይ የአሠራር ልዩነት የለም፣ በየትኛውም ክላውድ ያው ነው። ባለቤቱ በታግ ላይ የተጻፈ አካውንት ብዙ ነው፤ ባለቤቱ አሁንም በመሥሪያ ቤቱ ያለ ስለመሆኑ ከሠራተኞች መዝገብ ጋር የሚያመሳክር ቆጠራ ግን ጥቂት ነው። የሁለቱ የቀድሞ ሠራተኞች ባክአፕ እንዲህ ባለ ማመሳከሪያ ይገኝ እንደነበር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ በፋይል ስሞች ውስጥ የተሰናበተ ሰው መለያ መፈለግ ግን ብሎብ ኢንቬንተሪ ለሚያወጣው ሪፖርት ከባድ ሥራ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን የሚቀር ነገር አለ፤ የሚወጣውም ዋናውን ቁልፍ በጊዜ ሰሌዳ በመለወጥ ነው። አዙር የቁልፍ ማብቂያ ማሳሰቢያ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ ብዙ ድርጅት ግን አይነካውም፣ ምክንያቱም ማን እንደሚጎዳ አያውቅም። ቁልፉን ሲለውጡ የመጀመሪያው ሰዓት ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ስልኩ መደወል ይጀምራል፤ ሪፖርቱ የቆመበት፣ ፋይሉ ያልወረደለት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከለቀቀ ባልደረባው ሊንክ የወረሰ ሰው እየተከታተለ ይመጣል። የደወለውን ሁሉ ስም፣ የትኛውን አካውንት እንደሚጠቀም፣ ሊንኩን ከማን እንዳገኘ ተቀብሎ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ በአዲስ ዓምድ መጻፍ የቆጠራው የመጨረሻ ዙር ነው።